ኮምፒዩተር ሲፈርድ ተጠያቂው ማን ነው?

ምዕራፍ ዘጠኝ

ሀ. ከንባብ በፊት

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በክፍል ውስጥ ተወያዩባቸው።

1. በአካባቢያችሁ በኮምፒዩተር ወይም በእጅ ስልክ አማካይነት የሚሰጡት አገልግሎቶች የትኞቹ ናቸው?
2. አንድ መሥሪያ ቤት ለአንድ አመልካች «ጥያቄህ ተቀባይነት አላገኘም» ብሎ ቢመልስለት፣ አመልካቹ ምን ምን ነገር የመጠየቅ መብት ሊኖረው ይገባል?
3. «ተጠየቅ» የሚለው ቃል በቀድሞው የሙግት ሥርዐት ምን አገልግሎት ነበረው? የአካባቢያችሁን ሽማግሌዎች ጠይቃችሁ የሰማችሁትን ለክፍል ጓደኞቻችሁ ተናገሩ።

ለ. ምንባብ

1. ሙግትና ምክንያት

በቀድሞው የኢትዮጵያ የሙግት ሥርዐት ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት፣ ብዙውን ጊዜም በዛፍ ጥላ ሥር፣ ቆመው «በላ ልበልሃ»፣ «ተጠየቅ» እየተባባሉ ይሟገቱ ነበር። «ተጠየቅ» የተባለ ሰው ለሠራው ሥራና ለተናገረው ቃል መልስ የመስጠት ግዴታ ነበረበት። ከሳሹም ቢሆን ክሱን በምስክርና በማስረጃ ማስረዳት ነበረበት። ስለዚህ በአደባባይ የተሟገተ ሰው ቢረታ እንኳ በምን ምክንያት እንደ ተረታ ዐውቆ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር።

በዚያው ዘመን ከዚህ ሥርዐት ጋር የሚቃረን ሌላ ልማድም ነበር። ይኸውም ሌባ ሻይ ይባል ነበር። ንብረት የጠፋበት ሰው ሲያመለክት፣ ለአንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መድኀኒት ይሰጠዋል። ልጁም ወገቡን በገመድ ታስሮ በመንደሩ ውስጥ ይዞራል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ የጠፋውን ንብረት እንዲከፍል ይገደዳል። ያ ሰው «በምን ታወቀብኝ?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ የሚሰጠው አያገኝም። ልጁ ራሱን አያውቅም፤ ልጁን የሚመራውም ሰው «መድኀኒቱ አመለከተ» ከማለት በቀር ሌላ ምክንያት አያቀርብም። ይህ ልማድ በ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት በመንግሥት ትእዛዝ ተከለከለ።

ሁለቱ ልማዶች የሚለያዩበት ዋና ነጥብ ግልጥ ነው። በመጀመሪያው ሰውን የሚወነጅል ሁሉ ይጠየቃል። በሁለተኛው ግን የሚያመለክተው መሣሪያ አይጠየቅም፤ መሣሪያውን የያዘውም ሰው በመሣሪያው ስም ያመልጣል። በዛሬው ዘመን ብዙ መንግሥታትና ድርጅቶች ኮምፒዩተር ሰዎችን እንዲመዝንላቸው ማድረግ ስለ ጀመሩ፣ ይኸው ጥያቄ በአዲስ መልክ ተነሥቷል። ኮምፒዩተር ሲፈርድ ማንን «ተጠየቅ» ማለት ይቻላል?

2. ሰው ሠራሽ አስተውሎት ምንድን ነው?

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብዙ ዐይነት ነው። ከእነዚህ ዛሬ በስፋት የሚሠራበት፣ ኮምፒዩተር ከብዙ ምሳሌዎች ተነሥቶ ራሱ ደንብ እንዲያወጣና በዚያ ደንብ እንዲገምት፣ እንዲመርጥ ወይም እንዲወስን የሚያስችለው ስልት ነው። ቀድሞ አብዛኞቹ የኮምፒዩተር ሥርዐቶች የሚሠሩት ባለሙያ ደረጃ በደረጃ በጻፈላቸው መመሪያ ብቻ ነበር። ለምሳሌ «የዓመት ገቢው ከዚህ መጠን በታች የሆነ ሰው ድጎማ ያግኝ» የሚል መመሪያ ቢጻፍ፣ ያነበበው ሁሉ ውሳኔው ከምን እንደ መጣ ሊረዳ ይችላል። ከምሳሌ ለሚማረው ኮምፒዩተር ግን በሺህ የሚቈጠሩ ያለፉ መዝገቦች ይሰጡታል፤ የትኞቹ ትክክለኛ፣ የትኞቹም ስሕተት ያለባቸው እንደ ነበሩ ይመለከትለታል። እርሱም በመዝገቦቹ መካከል ያለውን ተመሳሳይነት ፈልጎ፣ ለእያንዳንዱ አዲስ አመልካች ነጥብ ይሰጣል።

ይህ ስልት ጥቅሙ ብዙ ነው። የራጅ ፎቶግራፍ በመመርመር ሐኪሞችን ይረዳል፤ ጽሑፍን ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላው ይመልሳል፤ ሰው በብዙ ቀን የማይጨርሰውን የመዝገብ ሥራ በጥቂት ደቂቃ ይፈጽማል። ይሁን እንጂ ሁለት ታላላቅ ችግሮች አሉበት። አንደኛው ከመዝገቦቹ የሚመጣ ነው። ወፍጮ የሚፈጨው የገባለትን ነው፤ እንክርዳድ የበዛበት እህል ቢገባ የሚወጣውም ዱቄት እንክርዳድ ይበዛበታል። እንደዚሁም ያለፉት መዝገቦች አድልዎ ካለባቸው፣ ከእነርሱ የተማረው ኮምፒዩተር አድልዎውን ይቀጥላል። ሁለተኛው ችግር፣ ነጥቡ የሚሰላበት መንገድ አንዳንድ ጊዜ እጅግ የተወሳሰበ ስለ ሆነ፣ ሥርዐቱን የሠሩት ባለሙያዎች እንኳ «ይህ ሰው ይህን ነጥብ ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው» ብለው ለማስረዳት መቸገራቸው ነው።

3. በኔዘርላንድ የደረሰው በደል

እነዚህ ችግሮች ጎልተው ከታዩባቸው አገሮች አንዷ በተለምዶ ሆላንድ የምትባለው ኔዘርላንድ ናት። በዚያ አገር ብዙ ወላጆች ሥራ ሲውሉ ልጆቻቸውን ለሕፃናት መዋያ ይሰጣሉ። የመዋያው ክፍያ ከፍተኛ ስለ ሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በጸናው ሕግ መሠረት መንግሥት እንደ ገቢያቸው መጠን ድጎማ ያደርግላቸዋል። ድጎማውን ይከፍል የነበረው የግብር መሥሪያ ቤት ነበር። ገንዘቡ በቅድሚያ ይሰጥና ሂሳቡ በኋላ ይተሳሰባል።

እ.ኤ.አ. በ2013 ከሌላ አገር የመጡ አንዳንድ አጭበርባሪዎች ድጎማ ያለ አግባብ መውሰዳቸው ስለ ተገለጠ፣ በሕዝቡና በፓርላማው ዘንድ ከፍ ያለ ቍጣ ተነሣ። መንግሥትም በማጭበርበር ላይ ብርቱ ርምጃ እንደሚወስድ አስታወቀ። በዚያን ጊዜ የግብር መሥሪያ ቤቱ ከመዝገብ የሚማር የኮምፒዩተር ሥርዐት ሥራ ላይ አዋለ። ሥርዐቱ ለማመልከቻዎች የስጋት ነጥብ ይሰጣል፤ ከፍተኛ ነጥብ ያገኙትም ማመልከቻዎች ለምርመራ ወደ ሠራተኛ ይመራሉ። ለነጥቡ ስሌት ከሚያገለግሉት ነገሮች አንዱ፣ አመልካቹ የኔዘርላንድ ዜግነት ያለው መሆን ወይም አለመሆኑ ነበር። ማመልከቻው የሚደርሰው ሠራተኛ ነጥቡ ለምን ከፍ እንዳለ አይነገረውም ነበር። ሠራተኛው ራሱ ያላወቀውን ምክንያት ለባለጉዳዩ ሊያስረዳ አልቻለም።

ነገሩን ያከፋው ደግሞ የሕጉ አተረጓጐም ነበር። አንዲት እናት በሰነድዋ ላይ አንድ ፊርማ ቢጐድልባት፣ ወይም ለመዋያው ከምትከፍለው የራስዋ ድርሻ ጥቂት ቢቀርባት፣ የጐደለውን ብቻ ሳይሆን የዓመቱን ድጎማ በሙሉ እንድትመልስ ትጠየቅ ነበር። ዕዳው ብዙ ጊዜ በዐሥር ሺዎች የሚቈጠር ዩሮ ይደርስ ነበር። ሆን ብሎ አጥፍቷል የተባለ ቤተሰብ፣ ዕዳውን እንደ ዐቅሙ በየወሩ ከፋፍሎ ለመክፈል እንኳ አይፈቀድለትም ነበር። ከዚህም የተነሣ ብዙ ወላጆች ሥራቸውን፣ ቤታቸውንና ትዳራቸውን አጡ። በጉዳዩ ከተጐዱት ቤተሰቦች ልጆች መካከል ከ1,000 የሚበልጡት ከወላጆቻቸው ተለይተው በሌላ ቦታ እንዲያድጉ ተደረገ።

ከገንዘቡ ይልቅ ብዙ ወላጆችን ያስመረራቸው «ምን አጠፋን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ማጣታቸው ነበር። ደብዳቤ ቢጽፉ አጥጋቢ መልስ አያገኙም፤ ሰነድ ቢያቀርቡ ሰነዱ አልተሟላም ይባላሉ። በመጨረሻ የመዝገባቸው ግልባጭ እንዲሰጣቸው ጠይቀው ያገኙት አንዳንዶቹ፣ ብዙው ገጽ በጥቁር ቀለም ተሸፍኖ ሊነበብ የማይችል ሆኖ አገኙት።

4. እውነቱ እንዴት ወጣ?

እውነቱ የወጣው በአንድ ቀን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የኔዘርላንድ የሕዝብ እንባ ጠባቂ፣ በአንድ የሕፃናት እንክብካቤ ድርጅት በኩል ድጎማ ያገኙ ከ200 በላይ ወላጆችን ጉዳይ መርምሮ መሥሪያ ቤቱን የሚወቅስ ዘገባ አወጣ። ከዚያም ጋዜጠኞች ነገሩን ተከታተሉት፤ ፒተር ኦምትሲክትና ሬንስከ ላይተን የተባሉ የፓርላማ አባላትም ሚኒስትሮቹን ደጋግመው ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2020 የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ባደረገው ምርመራ፣ የግብር መሥሪያ ቤቱ የአመልካቾችን ዜግነት የተጠቀመበት መንገድ ከሕግ ውጪና አድልዎ የተመላበት መሆኑን አረጋገጠ። ሊሰረዝ ይገባው የነበረ የ1.4 ሚሊዮን ሰዎች የጥምር ዜግነት መረጃም እ.ኤ.አ. እስከ 2018 ድረስ በመዝገብ ተይዞ መገኘቱን ገለጠ። በሚቀጥለው ዓመት መሥሪያ ቤቱን 2.75 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው።

በታኅሣሥ ወር እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የፓርላማው አጣሪ ኮሚቴ፣ በወላጆቹ ላይ ከዚህ በፊት ታይቶ የማይታወቅ በደል እንደ ተፈጸመ ዘገበ። ተጐጂ ተብለው በዚያን ጊዜ የተገመቱት ወላጆች 26,000 ያህል ነበሩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2021፣ በጠቅላይ ሚኒስትር ማርክ ሩተ የሚመራው መንግሥት በሙሉ ሥልጣኑን ለቀቀ። ለተጐጂዎቹም 30,000 ዩሮ ካሣ እንዲከፈላቸው ተወሰነ።

ጥፋቱ የኮምፒዩተሩ ብቻ ነው ማለት ግን ትክክል አይሆንም። ምሕረት የለሹን ሕግ ያወጡት የሕዝብ እንደራሴዎች ናቸው። በቍጣ የጸደቀውን መመሪያ በሥራ ያዋሉት ሹማምንት ናቸው። የአስተዳደር ጉዳዮች ከፍተኛ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. እስከ ኦክቶበር 2019 ድረስ «ስሕተት ያለበት ሁሉንም ይመልስ» የሚለውን አተረጓጐም ሲያጸና ቈይቷል። ኮምፒዩተሩ ያደረገው ጥርጣሬው በእነማን ላይ እንደሚያርፍ መምረጥና ምርጫውን የሒሳብ መልክ ማስያዝ ነው። የጥርጣሬ ሐሳብ ከሰው አፍ ሲወጣ ይመረመራል፤ በቍጥር መልክ ሲቀርብ ግን እንደ እውነት የመወሰድ ዕድሉ ይበዛል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው።

በዚያው አገር ሌላ ሥርዐትም በፍርድ ቤት ተፈትኗል። ይህ ሥርዐት ሲሪ ይባል ነበር። በልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች የሚገኙትን የዜጎች መረጃዎች አንድ ላይ በማገናኘት፣ ድጎማ ያጭበረብራሉ ተብለው የሚጠረጠሩትን ሰዎች ለመለየት የታቀደ ነበር። ስለ ግል ነጻነት የሚቈረቈሩ ማኅበራት መንግሥትን ከሰሱ። የሄግ ከተማ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ፌብሯሪ 5 ቀን 2020 በሰጠው ፍርድ፣ ሥርዐቱ የሚሠራበት መንገድ ግልጥና ሊመረመር የሚችል ስላልሆነ፣ ሥርዐቱ የቆመበት ሕግ የሰዎችን የግል ሕይወት የመከበር መብት ይጥሳል ሲል ወሰነ። መንግሥትም ይግባኝ አላለም። ፍርድ ቤቱ ማጭበርበርን መከላከል ተገቢ ዓላማ መሆኑን አልካደም፤ የነቀፈው ዜጋው ሊያየውና ሊሞግተው በማይችለው መሣሪያ መመዘኑን ነው።

5. የአውሮፓ ኅብረት ሕግ

ይህንና ይህን የመሳሰሉት ሁኔታዎች መንግሥታት ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ እንዲያወጡ ገፋፍተዋል። ኔዘርላንድ አባል የሆነችበት የአውሮፓ ኅብረት ሰፊ ሕግ አዘጋጅቶ አጽድቋል። ረቂቁ የቀረበው እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2021 ነው፤ ሕጉ የጸናው እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2024 ነው።

ሕጉ ሥርዐቶችን የሚለየው ሊያስከትሉ በሚችሉት ጉዳት መጠን ነው። ጉዳታቸው እጅግ የከፋ የተባሉት ፈጽሞ የተከለከሉ ናቸው። ከእነዚህም መካከል የሰዎችን ጠባይ እየተከታተሉ ነጥብ በመስጠት በማይገናኝ ጉዳይ እንዲጐዱ ማድረግ፣ ማንነታቸውን ብቻ መሠረት በማድረግ ወንጀል ይሠራሉ ብሎ መተንበይ፣ እንዲሁም ለሕክምናና ለደኅንነት ካልሆነ በቀር በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት የሰዎችን ስሜት በመሣሪያ መለየት ይገኛሉ። እነዚህ ክልከላዎች እ.ኤ.አ. ከፌብሯሪ 2 ቀን 2025 ጀምሮ የጸኑ ናቸው። ክልከላውን የጣሰ ድርጅት እስከ 35 ሚሊዮን ዩሮ ወይም ከዓለም አቀፍ የዓመት ሽያጩ እስከ 7 በመቶ ሊቀጣ ይችላል።

በሁለተኛው ደረጃ የሚገኙት ከፍተኛ ስጋት ያለባቸው የሚባሉት ናቸው። ሥራ ፈላጊዎችን የሚመርጡ፣ ተማሪዎችን የሚመዝኑ፣ ብድር የሚገባቸውን የሚለዩ፣ የመንግሥት ድጎማ ማግኘት የሚገባቸውን የሚወስኑ ሥርዐቶች በዚህ ክፍል ይጠቃለላሉ። እነዚህ አልተከለከሉም፤ ነገር ግን የሚማሩበት መረጃ ጥራት እንዲጠበቅ፣ ሥራቸው በመዝገብ እንዲያዝ፣ ውሳኔያቸውን ሊያቆም የሚችል ሰው እንዲቈጣጠራቸው ሕጉ ያዛል። በውሳኔው የተጐዳ ሰውም ሥርዐቱ በውሳኔው ውስጥ ምን ድርሻ እንደ ነበረው እንዲገለጥለት የመጠየቅ መብት ተደንግጎለታል። ይህን ክፍል የሚመለከቱት ግዴታዎች ከክልከላዎቹ በኋላ በየደረጃው እንዲጸኑ የታቀዱ ናቸው። ከሰው ጋር የሚነጋገሩ ሥርዐቶችን በሚመለከትም፣ ተናጋሪው ሰው አለመሆኑ ግልጥ ካልሆነ ይህ ለተጠቃሚው እንዲነገረው ሕጉ ይደነግጋል።

በሕጉ ላይ ከሁለት ወገን ነቀፌታ ቀርቧል። አንዳንድ ኩባንያዎች ግዴታው ወጪ ያበዛል፣ አዲስ የፈጠራ ሥራንም ያዘገያል ይላሉ። የመብት ተሟጋቾች ደግሞ ለፖሊስና ለድንበር ጥበቃ የተተዉት ልዩ ፈቃዶች በዝተዋል ይላሉ። ክርክሩ ገና አላበቃም። ሆኖም ሁለቱም ወገኖች ሰውን የሚመዝን መሣሪያ ያለ ሕግ ሊተው አይገባም በሚለው ዐቢይ ሐሳብ ላይ እምብዛም አይለያዩም።

6. በምሥራቅ አፍሪካና በአፍሪካ ቀንድ

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2012 ኤም ሽዋሪ የተባለ አገልግሎት ተጀምሮ፣ የባንክ መዝገብ የሌላቸው ሰዎች በእጅ ስልካቸው አነስተኛ ብድር ማግኘት ቻሉ። በኢትዮጵያም በ2014 ዓ.ም. በቴሌብር አማካይነት የብድር አገልግሎት መስጠት ተጀመረ። በእንደዚህ ያለው አገልግሎት ተበዳሪው ከባንክ ሠራተኛ ጋር ፊት ለፊት አይገናኝም። ብድር የሚገባው መሆኑንና የብድሩን መጠን የሚያሰላው፣ የስልኩንና የገንዘብ ዝውውሩን ታሪክ መነሻ ያደረገ የኮምፒዩተር ሥርዐት ነው። ለአንዲት ጉሊት ነጋዴ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ያለ ዋስና ያለ መያዣ በደቂቃዎች ውስጥ ትበደራለች። የተከለከለች እንደ ሆነ ግን የተከለከለችበትን ምክንያት ከማን ትጠይቃለች? መልሱ በሕግ ካልተወሰነ፣ ጥቅሙን የሚሰጠው ፍጥነት አቤቱታዋን የሚያሳጣት ይሆናል።

የአካባቢው መንግሥታትም ይህን በመገንዘብ ሕግ ማውጣት ጀምረዋል። ኬንያና ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ሩዋንዳ በ2021፣ ታንዛንያ በ2022፣ ሶማሊያም በ2023 የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አውጥተዋል። የኬንያው ሕግ ሰው ያልገባበት፣ በመሣሪያ ብቻ የተሰጠ ውሳኔ የሚጐዳው ሰው እንደ ገና እንዲታይለት እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። በኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ ዐዋጅ ቍጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ በዚያው በ2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖሊሲ አጽድቋል። መቀመጫው በአዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2024 አህጉራዊ ስልት አውጥቷል።

ሕግ ማውጣት የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ኔዘርላንድ ፍርድ ቤት፣ ፓርላማ፣ ነጻ ጋዜጣና የሕዝብ እንባ ጠባቂ ያላት አገር ስትሆን፣ በደሉ እስኪገለጥ ድረስ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ሕጉ ከወረቀት ወርዶ እንዲሠራ፣ ውሳኔ የሚሰጠው ሹም ኮምፒዩተሩ ያቀረበለትን ነጥብ የመመርመር ዕውቀትና «አልቀበልም» የማለት ድፍረት ሊኖረው ይገባል። ባለጉዳዩም መብቱን ማወቅ አለበት። መብቱን ያላወቀ ሰው ምክንያት አይጠይቅም፤ ምክንያት ካልተጠየቀ ደግሞ ስሕተቱ ለሚቀጥለው ሰው ይተላለፋል።

በጠቅላላው፣ ሰውን የሚመዝን ማንኛውም ሥርዐት ለሦስት ጥያቄዎች መልስ ሊኖረው ይገባል። ውሳኔው የተሰጠው በምን ምክንያት ነው? ለውሳኔው ኀላፊ የሆነው ሰው ማን ነው? የተጐዳውስ ሰው ወዴት አቤት ይላል? ለእነዚህ መልስ ያለው ሥርዐት ቢሳሳት እንኳ ይታረማል፤ መልስ የሌለው ሥርዐት ግን ትክክል በሆነበት ጊዜ እንኳ አይታመንም። «ተጠየቅ» ሊባል የሚችለው ሰው ነውና፣ ኮምፒዩተር በሰጠው ነጥብ ፍርድ በተሰጠ ቍጥር በስሙ የሚቀርብ ሰው መኖር አለበት።

ሐ. የቃላት ፍች

የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍች አጥኑ።

ሙግት — ሁለት ባለጋራዎች በዳኛ ፊት የሚያደርጉት ክርክር
ድጎማ — መንግሥት ወይም ድርጅት ለችግረኛ የሚሰጠው የገንዘብ ርዳታ
አድልዎ — ያለ በቂ ምክንያት አንዱን ከሌላው አብልጦ ወይም አሳንሶ ማየት
አተረጓጐም — አንድ ሕግ ወይም ጽሑፍ የሚፈታበት መንገድ
ይግባኝ — አንድ ፍርድ በበላይ ፍርድ ቤት እንደ ገና እንዲታይ የሚቀርብ አቤቱታ
ካሣ — ለደረሰ ጉዳት የሚከፈል ገንዘብ
እንደራሴ — በሕዝብ ተመርጦ በሕዝብ ስም የሚናገር ሰው

ከእነዚህ ቃላት ተስማሚውን መርጣችሁ ባዶ ቦታዎቹን ሙሉ።

1. ፍርዱ ስላላረካው ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት _____ አለ።
2. ቤቱ በመንገድ ሥራ ምክንያት ስለ ፈረሰበት _____ ተከፈለው።
3. መምህሩ ተማሪዎቹን ሁሉ ያለ _____ ይመለከታቸዋል።
4. የሕጉ ቃል አንድ ቢሆንም የዳኞቹ _____ ተለያየ።

መ. የግንዛቤ ጥያቄዎች

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በጽሑፍ መልሱ።

1. የ«በላ ልበልሃ» ሙግትና የሌባ ሻይ ልማድ በምን ይለያያሉ?
2. ደራሲው ስለ ወፍጮና ስለ እንክርዳድ የጠቀሰው ምን ለማስረዳት ነው?
3. በኔዘርላንድ ማመልከቻውን ይመረምር የነበረው ሠራተኛ ምን ነገር ተሰውሮበት ነበር? ይህስ በባለጉዳዩ ላይ ምን ችግር አስከተለ?
4. «ጥፋቱ የኮምፒዩተሩ ብቻ ነው ማለት ግን ትክክል አይሆንም» የሚለውን ሐሳብ የሚደግፉ ሦስት ማስረጃዎች ከምንባቡ አውጡ።
5. የሄግ ከተማ ፍርድ ቤት የሲሪን ሥርዐት የነቀፈው በምን ምክንያት ነው? ያልነቀፈውስ ምንድን ነው?
6. የአውሮፓ ኅብረት ሕግ «የተከለከሉ» እና «ከፍተኛ ስጋት ያለባቸው» በሚላቸው ሥርዐቶች መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
7. በስልክ የሚሰጥ ብድር ለጉሊት ነጋዴዋ ያለውን ጥቅምና ሊያስከትልባት የሚችለውን ችግር አነጻጽሩ።

ሠ. ሰዋስው፦ አድራጊ ግሥና ተደራጊ ግሥ

አድራጊ ግሥ ድርጊቱን የፈጸመውን ባለቤት ያሳያል። ለምሳሌ፦ ሹሙ ክፍያውን አቋረጠ። ተደራጊ ግሥ ግን ድርጊቱ የተፈጸመበትን ነገር ባለቤት ስለሚያደርገው፣ ድርጊቱን የፈጸመው ሰው ሳይጠቀስ ሊቀር ይችላል። ለምሳሌ፦ ክፍያው ተቋረጠ። በመሥሪያ ቤት ደብዳቤዎች ውስጥ ተደራጊ ግሥ አዘውትሮ ይገኛል። አንባቢው ኀላፊው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ሲፈልግ ግን፣ ዐረፍተ ነገሩን ወደ አድራጊ ግሥ መለወጥ ይጠቅመዋል።

የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች ተስማሚ ባለቤት በመስጠት ወደ አድራጊ ግሥ ለውጡ።

1. ማመልከቻው ውድቅ ተደረገ።
2. ገንዘቡ እንዲመለስ ተወሰነ።
3. መዝገቡ በጥቁር ቀለም ተሸፈነ።
4. ልማዱ ተከለከለ።
5. ብድሩ ተፈቀደ።

ከዚያም ዐረፍተ ነገሮቹን ስትለውጡ ምን አዲስ ነገር ማወቅ እንዳስፈለጋችሁ ተነጋገሩ።

ረ. ክርክር

ክፍሉ በሁለት ቡድን ተከፍሎ በሚከተለው ርእስ ይከራከር። ሰብሳቢው ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ይስጥ። ተከራካሪዎቹ ከምንባቡና ከአካባቢያቸው ማስረጃ ያቅርቡ።

«አድልዎ ከሚፈጽም ሰው ይልቅ ኮምፒዩተር ቢፈርድ ይሻላል።»

ሰ. የጽሕፈት መልመጃ

አንድ ሰው በስልክ የጠየቀው ብድር ያለ ምክንያት ተከልክሏል እንበል። ይህ ሰው ለአበዳሪው ድርጅት የሚጽፈውን የአቤቱታ ማመልከቻ አዘጋጁ። ማመልከቻው ቀን፣ የተቀባዩ አድራሻ፣ ጕዳዩ፣ ዝርዝር ሐሳብና ፊርማ ይኑረው። በዝርዝሩ ውስጥ በምንባቡ መጨረሻ የተጠቀሱት ሦስት ጥያቄዎች በትሕትና፣ ነገር ግን በግልጥ ይቅረቡ። ርዝመቱ ከአንድ ገጽ አይበልጥ።